ተሽሎኛል ወይስ ድኛለሁ?

ባለፈው ዓመት ስለ ሕመሜ እዚሁ ገጽ ላይ ከጻፍኩ ወዲህ በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። "ቲቸር፣ ዳኑ ወይ?" ለእያንዳንዳችሁ ለመመለስ ጊዜ ስላጠረኝ ዛሬ በአንድ ላይ ልመልስ። ትንሽ ረዘም ይላል። የሆድ ዕቃ ጉዳይ ስለሆነ ደግሞ ማዕድ ላይ ያላችሁ በልታችሁ ስትጨርሱ ብትመለሱ ይሻላል።

መልሱን ያስረዘመብኝ ጥያቄው ራሱ ነው። በአማርኛችን "ተሻለኝ" እና "ዳንኩ" አንድ አይደሉም። "ተሻለኝ" የሚል ሰው የሚሰማውን ይናገራል። "ዳንኩ" የሚል ግን በሽታው ለቆኛል ብሎ እየመሰከረ ነው። የእኔ በሽታ እነዚህን ሁለት ቃላት በጣም አራርቋቸዋል። ሐኪሞች በመሃላቸው ሌላ ቃል አላቸው፤ ረሚሽን ይሉታል። እኔ ለራሴ "ጋብ ማለት" ብዬ ተርጉሜዋለሁ። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ጋብ ሲል ልብስ ታሰጣላችሁ እንጂ ክረምቱ ወጣ አትሉም አይደል? እንደዚያ በሉት።

በሽታውን ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ፤ ባዮሎጂ አስተማሪ ነበርኩና ልማዴ አይለቀኝም። ስሙ አልሰራቲቭ ኮላይቲስ ነው። የትልቁ አንጀት የውስጥ ሽፋን የሚቆጣበትና የሚቆስልበት፣ ለዓመታት አብሮ የሚኖር ሕመም ነው። ከፊንጢጣ አካባቢ ይጀምርና ሳይቆራረጥ ወደ ላይ ይዘልቃል። አንዳንዱ ሰው ላይ ጥቂት ሴንቲሜትር ሄዶ ይቆማል፣ አንዳንዱ ላይ ትልቁን አንጀት በሙሉ ይይዛል። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ማማጥ፣ ሽንት ቤት ደርሶ ወዲያው እንደገና መሮጥ፣ ድካም... ከሰው ሰው አይተላለፍም። ይነሳል፣ ጋብ ይላል፣ እንደገና ይነሳል።

እኔን የጀመረኝ የዛሬ ሰባት ዓመት ነው። እንደ ብዙዎቻችን መጀመሪያ የተነገረኝ "አሜባ ነው" የሚል ነበር። ሦስት ጊዜ የአሜባ መድኃኒት ወሰድኩ፤ ደሙ ግን ይመለሳል። አልፈርድባቸውም። አሜባ አገራችን ውስጥ በእርግጥ አለ፣ ምልክቱም ይመሳሰላል። በአራተኛው ላይ አንድ ሐኪም "ከእንግዲህ በግምት አንሄድም፣ ውስጡን እንየው" ብለው ኮሎኖስኮፒ አዘዙልኝ። ስሙን ያን ቀን ሰማሁት። መጀመሪያ ስቴሮይድ፣ ከዚያ ሜሳላዚን የሚባለውን መድኃኒት ጀመርኩ። ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ደም የሚባል አይቼ አላውቅም። እንደ ሰው እበላለሁ፣ እንደ ሰው እተኛለሁ። ከአዲስ አበባ ደሴ በአውቶቡስ ሄጃለሁ፤ ይህ በሽታ ያለበት ሰው ያቺ ዓረፍተ ነገር ምን ማለት እንደሆነች ያውቃል።

እንግዲህ ተሽሎኛል። ድኛለሁ ወይ?

ይህን የምጠይቀው ለወሬ አይደለም። መድኃኒቱ አንዳንዴ ገበያ ላይ ይጠፋል፤ ሲጠፋ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው የሚገባልኝ። ሲገኝም ከጡረታዬ ላይ የሚቆርሰው ቀላል አይደለም። ቤት ውስጥ ገና የሚማር ልጅ አለ። ስለዚህ ባለቤቴ "ደህና ከሆንክ ለምን አትቀንሰውም?" ስትለኝ ጥያቄዋ ተገቢ ነው። ሐኪሜን ጠየቅኳቸው። "ስለተሻለዎት ብቻ አንቀንስም፤ አንጀትዎ ምን እንደሚል እንስማ" አሉኝ። የዛሬ ሁለት ወር ለክትትል ኮሎኖስኮፒ ገባሁ።

ስለ ዝግጅቱ ብዙ አላወራም። ማታውን ሙሉ የሚጠጣው ፈሳሽና የሽንት ቤቱ ምልልስ ለማንም አይመኙትም። ምርመራው ላይ ግን ያላየኋችሁ ላሳያችሁ የምፈልገው ነገር አለ። ማስታገሻው ቀለል ያለ ስለነበር ስክሪኑን አይ ነበር። ጤነኛ አንጀት ከውስጥ ሲታይ የሚያምር ነገር ነው። ሽፋኑ ፈዘዝ ያለ ሮዝ፣ የሚያብረቀርቅ ነው፤ ከሥሩ ቀጫጭን የደም ሥሮች እየተከፋፈሉ፣ እየተገናኙ መረብ ይሠራሉ። ዘጠነኛ ክፍል ቅጠል አምጡ ብያችሁ የቆጠርነውን የቅጠል ሥር ታስታውሳላችሁ? የኮባውን አይደለም፤ የኮባው ቀጥ ቀጥ ያለ ነው። የቡናውን ቅጠል አስቡ፤ እሱን ይመስላል። አንጀቱ ሲቆጣ መጀመሪያ የሚጠፋው ይህ መረብ ነው። ሽፋኑ ያብጣል፣ ይቀላል፣ ሥሮቹ ይደበዝዛሉ። ሲብስ በትንሽ ንክኪ ይደማል። ከዚያም ሲያልፍ ሳይነካም ይደማል፣ ይቆስላል።

ሐኪሞች ይህን በቁጥር ይገልጹታል። በብዛት የሚሠራበት በ1987 አሜሪካ ውስጥ ማዮ ክሊኒክ ከተሠራ አንድ የመድኃኒት ጥናት የመጣው መለኪያ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ከ0 እስከ 3 ነው። 0 ጤናማ ወይም የተኛ በሽታ፣ 1 ቀላል መቅላትና የደም ሥሩ መደብዘዝ፣ 2 የጎላ መቅላትና የሥሩ ጨርሶ መጥፋት፣ 3 በራሱ የሚደማና የቆሰለ።

የእኔ ወረቀት ላይ "ማዮ 1" ተጽፎ መጣ።

ቪዲዮውን በፍላሽ ሰጥተውኝ ስለነበር ለአንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ላክሁላት፤ ዛሬ የውስጥ ደዌ ሐኪም ናት። በማግስቱ ደወለችልኝ። "ቲቸር፣ እኔ ብሆን 0 ነበር የምሰጥዎት።" ከአጠገቧ ለሚሠራ ባልደረባዋ አሳየችው። እሱ ደግሞ 1 አለ። "እና ማንኛችሁን ልመን፣ ዶክተር?" አልኳት። ሳቀችና "ቲቸር፣ እርስዎስ የድርሰት ፈተና ሲያርሙ እንደዚሁ አልነበረም እንዴ?" አለችኝ።

እውነቷን ነው! አብራችሁኝ ያስተማራችሁ ታውቁታላችሁ። "አብራሩ" የሚል ጥያቄ ለሁለት አስተማሪ ስጡት፤ አንዱ ከ10 ስምንት፣ ሌላው ስድስት ይሰጣል። ሁለቱም ሐቀኞች ናቸው። "እውነት ወይም ሐሰት" ቢሆን ኖሮ ማንም ቢያርመው ውጤቱ አንድ ነው። ኮሎኖስኮፒ እስካሁን በአብዛኛው የድርሰት እርማት ነው።

ይህን የሕክምናው ዓለም ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። በ1964 ባሮን፣ ኮኔልና ሌናርድ ጆንስ የተባሉ የእንግሊዝ ሐኪሞች አንድን አንጀት የሚያዩ ሐኪሞች አገላለጻቸው ምን ያህል እንደሚለያይ አጥንተው አሳትመዋል። በ2012 ደግሞ በኦክስፎርዱ ሳይመን ትራቪስ የተመራ ቡድን ለባለሙያዎች ቪዲዮ አሳይቶ ደረጃ እንዲሰጡ አደረገ። "ከባድ" በሚባለው ላይ ስምምነታቸው 76 በመቶ ነበር። "ጤናማ" በሚባለው ላይ ግን 27 በመቶ ብቻ! ይህን ሳነብ ቀይ እስክሪብቶዬ ትዝ አለኝ። ባዶ ወረቀት ሲመጣ ሁላችንም ዜሮ እንሰጣለን፣ ክርክር የለም። ፍጹም የሚመስል መልስ ሲመጣ ነው እጃችን የሚንቀጠቀጠው። ሙሉውን ከመስጠት አንዲት ጭረት ፈልጎ ግማሽ ነጥብ መቀነስ ይቀናናል። "ምንም የለበትም" ብሎ መፈረም ከባድ ነው።

ያው ቡድን መፍትሔ ብሎ ያመጣው ጥያቄውን መከፋፈል ነው። "እንዴት ነው?" ከማለት ሦስት ነገር ለየብቻ ይጠየቃል። የደም ሥሩ መረብ ይታያል ወይ (ከ0 እስከ 2)? ደም አለ ወይ (ከ0 እስከ 3)? ቁስለት አለ ወይ (ከ0 እስከ 3)? ድምሩ እስከ 8 ይደርሳል። ይህም ቢሆን በሰው ዓይን ነው፤ ግን ቢያንስ ሁለት ሐኪሞች ሲለያዩ የት ላይ እንደተለያዩ ይታወቃል።

"እና 0 ሆነ 1 ሆነ፣ ቀላል ነው አይደል?" ትሉኝ ይሆናል። እኔም እንደዚያው ብዬ ነበር። ነገር ግን ጥናቶች ደጋግመው ያሳዩት 1 ላይ ያሉ ሰዎች 0 ላይ ካሉት ይልቅ በሽታው ቶሎ እንደሚመለስባቸው ነው። በ2021 የወጣው ዓለም አቀፍ የሕክምና ግብ መመሪያም የረጅም ጊዜ ግቡን "ማዮ 0" ነው ያደረገው። ሕመምተኛው "ተሻለኝ" ማለቱ ያስፈልጋል፤ አይበቃም። ከዚህ በታች ደግሞ ሌላ ፎቅ አለ። ዓይን ንጹሕ ብሎ ካለፈው ቦታ ላይ ቁራጭ ሥጋ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ አሁንም የመቆጣት ሕዋሳት ሊገኙ ይችላሉ። ስለዚህ "ጋብ ማለት" ሦስት ፎቅ አለው፤ የእኔ ስሜት፣ የካሜራው እይታ፣ የማይክሮስኮፑ እይታ። ሦስቱ ሁልጊዜ አይስማሙም።

ሦስቱን ለማስማማት አሁን እየመጡ ያሉ መሣሪያዎች አሉ። ሦስቱን ብቻ እነግራችኋለሁ፤ አካሄዳቸው ስለሚለያይ ነው።

የመጀመሪያው የቶኪዮ ነው። በ2020 የታተመ ሥራ ነው። ኮምፒውተሩን ከ2,012 ሕመምተኞች በተወሰዱ 40,758 ምስሎች አስተማሩት፤ ከምስሎቹ ጋር የባለሙያ ደረጃና የባዮፕሲ ውጤት አብሮ ተሰጠው። ከዚያ በሌሎች 875 ሕመምተኞች ላይ ፈተኑት። በካሜራ እይታ ጋብ ማለቱን 90.1 በመቶ በትክክል ለየ። የሚገርመው ሁለተኛው ነው። ሥጋ ሳይቆረጥ፣ ከምስሉ ብቻ፣ ማይክሮስኮፑ ምን እንደሚል 92.9 በመቶ በትክክል ገመተ። ይህ መሣሪያ ጥሩ ተማሪ ነው ማለት ነው፤ የታረሙ ወረቀቶችን አይቶ አስተራረሙን ተማረ። ድክመቱም እዚያው ላይ ነው፤ አራሚው ካዳላ እሱም ያዳላል።

ሁለተኛው የቤልጅጉ ሉቨን ነው። እነሱ ሌላ መንገድ ያዙ። የስክሪን ምስል ከጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ነው፤ እያንዳንዷ ነጥብ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠኗ በቁጥር ተመዝግቧል። "የአንጀቱን ቅላት እየገመትን ከምንከራከር ለምን ከነጥቦቹ አንቆጥረውም?" አሉ። ቅላቱንና የደም ሥሩን መረብ በአንድነት የሚያሰላ ፕሮግራም ሠሩ፤ ምርመራው ላይ እያሉ ቁጥሩ ይወጣል። የመጀመሪያው ጥናት ትንሽ ነበር፣ 29 ሕመምተኞች። ቢሆንም የወጣው ቁጥር ከሐኪሙ ደረጃም ከማይክሮስኮፑ ውጤትም ጋር በጥሩ ሁኔታ አብሮ ሄዷል። እኔን የማረከኝ ይሄኛው ነው። እናት ግንባር በእጇ ዳስሳ "ትኩሳት አለው" ስትልና ቴርሞሜትር 38.5 ሲል ያለው ልዩነት ማለት ነው። የእናት እጅ አይሳሳትም አልልም፣ አይዋሽም እላለሁ። ግን ትናንት ከነበረው ዛሬ ስንት ቀነሰ ብላችሁ ብትጠይቋት እጇ አይነግራችሁም።

ሦስተኛው ዮኮሃማ ነው። 520 ጊዜ የሚያጎላ ካሜራ ይጠቀማሉ፤ ማይክሮስኮፑን አንጀት ውስጥ ይዞ እንደመግባት ነው። ኮምፒውተሩ እዚያው "ንቁ ነው" ወይም "ተኝቷል" ይላል። በ2022 ያሳተሙት ጥናት የእኔን ጥያቄ ራሱን ጠየቀ። ደህና ነኝ የሚሉ 135 ሰዎች ወሰዱ። ማሽኑ ከእነሱ 74ቱን "ንቁ"፣ 61ዱን "ተኝቷል" አለ። ከዚያ አንድ ዓመት ተከታተሏቸው። ከ74ቱ በ21 ሰዎች ላይ በሽታው ተመለሰ። ከ61ዱ በ3 ሰዎች ላይ ብቻ።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ብዙ ሰው ቁጥሩን አይቶ "ማሽኑ ነቢይ ሆነ" ይላል። አይደለም። ከ74ቱ ውስጥ 53ቱ "ንቁ" ተብለው ዓመቱን በደህና አሳልፈዋል። ከ61ዱ ደግሞ 3ቱ "ተኝቷል" ተብለው ታመዋል። ማሽኑ ዳመናውን ያያል፤ የእኔ ሰጥ ላይ ይዘንባል ወይ የሚለውን አያውቅም። ጥናቱም የአንድ ሆስፒታል ነው። ካሜራው፣ መብራቱ፣ የአንጀቱ ንጽሕና ሁሉ ውጤቱን ይለውጣል። ዝግጅቱን በደንብ ያልጠጣ ሰው አንጀት ላይ የትኛውም ማሽን ምንም አያነብም። እኛ ጋ ለመድረስ ደግሞ በእኛ ሕመምተኞች ላይ መሞከር አለበት፤ አሜባ፣ ቲቢና ሌላም አንጀት የሚያቆስል ነገር ባለበት አገር ቀይ ሁሉ ኮላይቲስ አይደለምና።

ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው? እኔ የገባኝ ይህ ነው። ለእኔ የሚያስፈልገኝ ትንቢት አይደለም፣ የማያዳላ ሚዛን ነው። ዘንድሮ ያየኝና ከርሞ የሚያየኝ ሐኪም ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። "ባለፈው 1 ነበር፣ አሁን 0 ነው" ሲባል አንጀቴ ነው የተለወጠው ወይስ ሐኪሙ? ሚዛኑ አንድ ካልሆነ ይህን ማንም አያውቅም። እኔ ደግሞ በዚያች ልዩነት ላይ ነው የጡረታዬን ገንዘብ፣ የልጄን የትምህርት ወጪና የራሴን አንጀት የማስቀምጠው።

የእኔ ነገር ምን ሆነ? ሐኪሜ ክርክሩን ስነግራቸው አልተቆጡም። "ጥሩ ነው፣ ባዮፕሲውን እንጠብቅ" አሉ። ንጹሕ ከሚመስለውም ካጠራጠረውም ቦታ ወስደው ነበር። ውጤቱ መጣ። አብዛኛው ጸጥ ያለ ነው፤ ታችኛው ክፍል ላይ ግን ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት በጥቂት ዕጢዎች ውስጥ ተገኝተዋል። ማለትም ለእኔ ተሽሎኛል፣ ለካሜራው ያከራክራል፣ ለማይክሮስኮፑ አልተኛም። መድኃኒቱ አልተቀነሰም። ባለቤቴ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አስነበበችኝና "እንግዲያው ሌላ ቦታ እንቆጥባለን" አለች። ያ ቀን ቀላል አልነበረም፤ ነገር ግን "ለምን?" ብላ ለጠየቀችኝ ጥያቄ የሚታይ መልስ ነበረኝ። ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ለሁለት ወገን የምለው አለኝ።

በተመሳሳይ ሕመም ላላችሁ፣ ወይም ሳይታወቅላችሁ ለምትንገላቱ፦ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ በአሜባ መድኃኒት ደጋግሞ ከተመለሰ "ውስጤ ይታይልኝ" ብላችሁ ጠይቁ። ስለተሻላችሁ ብቻ መድኃኒት አታቋርጡ፤ ውሳኔው ከሐኪማችሁ ጋር ይሁን። የምርመራችሁን ወረቀት፣ ፎቶና ቪዲዮ ተቀበሉና አስቀምጡ፤ ለሚቀጥለው ሐኪም ማወዳደሪያ የሚሆነው እሱ ነው። ካልፕሮቴክቲን የሚባል የሰገራ ምርመራም አለ፤ የአንጀትን መቆጣት በቁጥር ይናገራል። በምትታከሙበት አካባቢ ይገኝ እንደሆነ ጠይቁ፤ በየኮሎኖስኮፒው መሃል ያለውን ጊዜ ለመከታተል ይረዳል።

ኮሎኖስኮፕ በእጃችሁ ለያዛችሁ ልጆቼ ደግሞ፦ የሉቨኑ መሣሪያ እስኪደርሰን ድረስ ምንም የማያስወጣ ነገር አለ። ሪፖርት ላይ "ቀላል ኮላይቲስ" ብላችሁ አትለፉ። የደም ሥሩ ታየ ወይስ ደበዘዘ? ደማ ወይስ አልደማም? ቆሰለ ወይስ አልቆሰለም? በስንተኛው ሴንቲሜትር ላይ? ሁልጊዜ ከተመሳሳይ ቦታ ፎቶ አንሱ። ስትጠራጠሩ ለባልደረባችሁ አሳዩ፣ ደረጃውን ሳትነግሩት። ፈተና ሳርም ስማችሁን በወረቀት ሸፍኜ እንደማርመው ማለት ነው። ከተለያያችሁም አትደብቁን፤ "ተለያየን" ብላችሁ ጻፉት። እኛ እንችለዋለን።

ያቺ ተማሪዬ ትናንት ደውላ ለራሷ ክፍል አንዲት ገጽ ቅጽ እንዳዘጋጀች ነገረችኝ፤ ሦስቱን ጥያቄ ለየብቻ የሚያስሞላ። "ቲቸር፣ ማርክ ይስጡኝ" አለች። ከ10 ዘጠኝ ተኩል ሰጥቻታለሁ። ግማሿን ነጥብ ለምን እንደቀነስኩ አልነገርኳትም፤ ዓመሌ ነው።

ቸር ሰንብቱ። የታመማችሁትን ይማርልን።